ሁለት የዋንዛ ክንፎች

«አርባ ዓመት የያዘውን ስም በአንድ ቀን ወሰድሽበት። አሁን ደግሞ ሌላ ጥረብልኝ ልትዪው መጣሽ?»

ይህን ፊት ለፊቴ ቆመው ያሉኝ የእንጨት ጠራቢው የአያ ሙጨ ሚስት፣ እትየ ጥሩወርቅ ናቸው። ቀኑ ቅዳሜ ነው። እኔ በራፋቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ በአንድ እጄ የተቆራረጠ ካርቶን፣ በሌላው አንድ ኪሎ ስኳር ይዣለሁ። ስኳሩን ለምን እንደገዛሁት ዛሬም አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቅ አልነበረም የሄድሁት። እሳቸው እንዳሉት ሌላ ክንፍ ይጥረቡልኝ ልል ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ደባርቅ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ እዚያው ኑሩ በሚባል ሰው ኮምፒውተር ቤት ተቀጠርሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ተራራ ደርሶ ለተመለሰ ፈረንጅ ፎቶውን ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ኑሩ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ የሆነ፣ ሰውን ሳይነካ የማያልፍ ቀልደኛ ነው። «ዝናሽ፣ አንቺ ወንበር ላይ ስትቀመጪ እኮ ወንበሩ ራሱ ይደክመዋል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ለክቡር ጽሕፈት ቤቱ» እያልሁ ስጽፍ እግሬ ጠረጴዛው ሥር ሌላ አገር ይሄድ ነበር።

ወላጆቼ የሚኖሩት ከዳባት ወደ ላይ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ባለ ቀበሌ ነው። መብራት አልገባም፤ ሞባይል ግን ገብቷል። ሰዉ ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ ዳባት ላይ ቻርጅ አስደርጎ ይመጣል፤ ማክሰኞ ባትሪው ያልቃል፤ ከዚያ እስከ ቅዳሜ ስልኩ ኪስ ውስጥ ያለ ድንጋይ ነው። ነፋስ ግን አለ። ያ ጋራ ላይ ጋቢውን በጥርሱ ሳይዝ የሚሄድ ሰው የለም። ጋራው ጫፍ ላይ ደግሞ የቀበሌው አንድ ባዶ ክፍል ነበረች፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ በሯ ደህና።

አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ኮምፒውተራችን ላይ ፋይል ረስቶ ሄደ። ከእንጨትና ከአሮጌ ዲናሞ ክንፉን ነፋስ እያዞረው መብራት የሚሰጥ ነገር እንዴት ቤት ውስጥ እንደሚሠራ የሚያሳይ ነው። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ባይሆንም ሥዕልና ቁጥር አነባለሁ። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ያቺ ባዶ ክፍል ታየችኝ፤ የስልክ ቻርጅ፣ የራዲዮ ባትሪ፣ የእኔ የራሴ ቁልፍ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ይርጋ ሰምተው ሲያበቁ ጢማቸውን አሻሹ። «እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የሚዞር ነገር ካሳየሽን ክፍሉ ያንቺ ነው። ካላሳየሽን ለወፍጮ ማኅበሩ እንሰጠዋለን፤ እነሱም ጠይቀዋል» አሉኝ። እሺ ብዬ ወረድሁ።

ዲናሞው አላስቸገረኝም፤ ደባርቅ ጋራዥ ውስጥ ከተጣለ አይሱዙ ላይ ፈታን። ያስቸገረኝ ክንፉ ነው። ክንፉ ሳንቃ አይደለም፤ ወደ ጫፉ እየሳሳ፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ነገር ነው። ፋይሉ ላይ ያለው ሥዕል ጥፍር አይሞላም። ቁጥሮቹ ግን ተደርድረዋል፦ እዚህ ላይ ይህን ያህል ወርድ፣ እዚያ ላይ ይህን ያህል ጥምዝ። በቁሙ፣ በእውነተኛ መጠኑ ተነድፎ መታተም አለበት። እንጨት ጠራቢው በዚያ ልክ እያስተያየ እንዲቀርጸው።

ኑሩ ከጎንደር ያስገለበጠው አንድ ታዋቂ የንድፍ ፕሮግራም ነበረው። ስከፍተው ሠላሳ ቀንሽ አልቋል አለኝ። እኔ ገና መንካቴ ነው። ሠላሳውን ቀን ማን እንደኖረልኝ አላውቅም።

ከዚያ «ፍሪ» የሚለውን ሁሉ መፈለግ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ሙሉ ከወረደ በኋላ የካርድ ቁጥር አስገቢ አለኝ።

«የምን ካርድ ነው?» አልሁት ኑሩን።

«የባንክ ነዋ።»

«ያለ ክፍያ ይላል እኮ።»

«ያለ ክፍያ ማየት ነው። አየሽው አይደል?»

ሁለተኛው ቫይረስ ይዞ መጣና የሰው ማመልከቻ ሁሉ አልከፈት አለ። ኑሩ ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ ለኑሩ ሁለት ቀን ዝም ማለት እንደ ጾም ነው። ሦስተኛው ደህና አስነድፎኝ ሲያበቃ፣ ሳትም በክንፉ ላይ የድርጅቱን ስም በትልቁ አጋድሞ ጻፈበት። አራተኛውን ያገኘሁት ተስፋ ቆርጬ ስዘጋ ነው። ትንሽ ነው። ካርድ አይልም፣ ቀን አይቆጥርም። ብዙ ሰዎች በያሉበት ሆነው የሠሩት፣ ለፈለገ ሁሉ የተተወ መሆኑ ተጽፎበታል። ኔትወርኩ እየተቋረጠ በሦስተኛው ቀን ወረደ።

ይህ ነገር ግራ አጋባኝ። እንዲህ የደከመ ሰው ለማያውቀው ሰው ለምን ይተዋል? የተደበቀ ነገር አለ ብዬ ሰዓታት ፈለግሁ።

«ሰደቃ ይሆናል» አለ ኑሩ፤ ቀልድ አልነበረም አነጋገሩ።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ጥቁር ሜዳ ነው። በሜዳው ላይ አንድ መስቀል አይጤዋን ተከትሎ ይዞራል። ሌላ ምንም የለም። መስመር ማስመር ለመቻል አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ መስመሩን ማጉበጥ ለመቻል ሌላ ሳምንት። ደንበኛ ሲመጣ እዘጋለሁ፣ ሲወጣ እከፍታለሁ። አንድ ረዥም የክንፍ ቅርጽ፣ ስድስት ደግሞ በየቦታው የሚለጠፉ ትንንሽ የወርድ ልኮች ነደፍሁ። ብልጠቴን ተመልከቱ፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ዐሥር ሳንቲ ሜትር የሆነች መስመር አስገባሁ። ሳትም በማስመሪያ ለካኋት፤ ዘጠኝ ከግማሽ ሆና ወጣች። ፕሪንተሩ ገጹ እንዲበቃው ብሎ አሳንሶታል። ያን ዕለት ያልነካሁት ቁልፍ የለም። በስተመጨረሻ ዐሥሯ ዐሥር ሆና ወጣች። የሚያሳስተኝን ያገኘሁት መሰለኝ። አንድ ስሕተት የያዘ ሰው ሌላ የቀረ አይመስለውም።

ወረቀቶቹን አገጣጥሜ ካርቶን ላይ አስቀመጥሁ፤ ዙሪያውን በእርሳስ ተከትዬ ቆረጥሁ። ካርቶኖቹን በገመድ አሥሬ ወደ አያ ሙጨ ወጣሁ።

አያ ሙጨ የወላጆቼ ቀበሌ አራሽ ናቸው፤ ስማቸው የወጣው ግን በእርሻ ዕቃ ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ እንደሳቸው የሚጠርብ የለም ይባላል። ፊደል አልቆጠሩም። ካርቶኑን እንደ ልብስ ልክ እጃቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩት፣ እኔ ስለ ነፋስ፣ ስለ ዲናሞ፣ ስለ ኮምፒውተር አወራ ነበር።

«ስንት ነው የምትፈልጊ?» አሉ።

«ሁለት።»

«ሁለት» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ነው ሁለት ነው የሚሆነው እንደሚል ሰው። ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ ሳንቃ ነበራቸው፤ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ሰሙት። «ለሐሙስ ነይ» አሉኝ። እኔም ደባርቅ ሥራ አለብኝ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አጠገባቸው ሳልቀመጥ ሄድሁ።

ሐሙስ ስመጣ ክንፎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እንደዚያ የሚያምር እንጨት አይቼ አላውቅም። ልስልስ ያሉ፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ እንደ ተከፈቱ ሁለት መዳፎች። ካርቶኖቹን አስጠጋሁ፤ በስድስቱም ቦታ ገጠሙ። ማስመሪያ አወጣሁ፤ ገጠሙ። አያ ሙጨ ፈገግ አሉ።

የባሕር ዛፍ ምሰሶው ከክፍሏ አጠገብ ተተክሏል። አቶ ይርጋ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ይዘው መጥተዋል። አያ ሙጨም ሥራቸውን ሊያዩ መጥረቢያቸውን እንደያዙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ክንፎቹን ዲናሞው ላይ አሠርሁ፤ ወርጄ ክንፎቹን የያዘውን ገመድ ለቀቅሁ። ነፋሱ ያን ቀን የሰው ኮፍያ የሚወስድ ነበር።

አልዞረም።

ቆይ ይያዝ አልን። ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ ይመለሳሉ። እንደገና ዘንበል። ምሰሶው ይወዛወዛል። መዞር ግን የለም።

«ይኼ ሰላምታ ይሰጣል እንጂ አይዞርም» አለ አንደኛው የኮሚቴ ሰው።

«እግዜር ይስጥልን በሉታ፤ ነውር ነው» አለ ሌላው።

መሰላል ወጣሁ። በእጄ ሳዞረው ይዞራል፤ ስለቀው ይቆማል። ሽቦውን ፈታሁ። ግራሶ ቀባሁ። ፊቱን ወደ ነፋሱ አቀናሁ። ዲናሞውን አውርጄ ከፍቼ ዘጋሁ። ቀትር ሆነ፤ ቀትር አለፈ። ቁጥር ይሆን? ፕሮግራሙ ይሆን? ለነገሩ ያለ ዋጋ የተሰጠ ነገር፣ አንድ ቦታ ላይ ሆን ብለው አጣመውት ይሆን? እጄ ይሠራል፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን አንድም የቆመ ነገር የለም። አቶ ይርጋ ሰዓታቸውን አዩ።

አያ ሙጨ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «እንጨቱ ላይ ነገር የለበትም። ግራውና ቀኙ ፀጉር ታህል አይበላለጡም» አሉ።

መሰላሉ ላይ ቀረሁ። «ግራና ቀኝ?»

«አዎና። ድግር እንዴት ይጠረባል? አንዱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ። አንዱን ስጨርስ ካርቶንሽን ገልብጬ ሌላውን ሠራሁ።»

ድግር ማለት ማረሻውን በግራና በቀኝ ይዘው አፈሩን ወደ ሁለት የሚገፉት እንጨቶች ናቸው። ሁለት ናቸው፤ ይተያያሉ። አንዱ የሌላው የመስታወት መልክ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። በዚያ አገር ሁለት እንጨት ጥረብልኝ ያሉት ሰው ሌላ ምን ያስባል?

ይህን ግን ዛሬ ነው የምለው። ያን ሰዓት ያየሁት ነፋሱ የላዩን ክንፍ ወደ ግራ ሲገፋው፣ የታቹንም ወደ ግራ ሲገፋው ነው። እንዲዞር ግን አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ መገፋት ነበረበት። ስለዚህ ነው የሚያዘነብለው። ከመሰላሉ ወረድሁ።

«ሁለቱም አንድ ዓይነት መሆን ነበረባቸው» አልሁ።

«አንድ ዓይነት ናቸው እኮ ልጄ። አስተያያቸው።»

«አይደሉም። አበላሽተውታል። አንቱ ነዎት ያበላሹት።»

እንዲህ ነው ያልሁት። በኮሚቴ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አያ ሙጨ ወደ ክንፎቹ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ።

አቶ ይርጋ ተነሡ። «እንዲህ ከሆነ የልጅቱ ጥፋት አይደለም። ባለሙያው ቢያበላሽ እሷ ምን ታድርግ። ሁለት ሳምንት ይጨመርላት» አሉ። ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀ። አያ ሙጨ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቁልቁል ሄዱ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ከነገርኋችሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ በራፋቸው ላይ የቆምሁት በዚህ ሁኔታ ነው።

«ትናንት ሁለት ሰዎች ለሞፈር ብለው ያመጡትን እንጨት መጥተው ወሰዱ» አሉ እትየ ጥሩወርቅ። «‹ዓይኑ ደክሟል፤ የልጅቱን እንጨት አበላሸው› ተብሏል። እርሻ ሊገባ ሲል። አንቺ ስኳር ይዘሽ ትመጫለሽ።»

ከውስጥ አያ ሙጨ ተጣሩ። «ነፋሱን ይዛ በር ላይ ከምትቆም ትግባ።»

ገባሁ። መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አላኮረፉም፤ ቢያኮርፉ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ዘረጉ። «ካርቶኑን አምጪው። የቱ ነው ፊቱ?»

ካርቶኑን አየሁት። አገላበጥሁት። ቡናማ ነው። በዚያኛውም ጎን ቡናማ ነው። ፊት የነበረው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ እሱን ደባርቅ ጥዬዋለሁ። እንደገና ገለበጥሁት። ኮምፒውተሩ ላይ ሳየው ነፋሱ ከእኔ በኩል ነበር የሚመጣው ወይስ ከመስታወቱ ጀርባ? ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ የነደፍሁት ነገር ፊቱ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

አያ ሙጨ ከእጄ ወሰዱት። ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። «እንዲህ ቢሆን የቀኝ ነው።» ገለበጡት። «እንዲህ ቢሆን የግራ ነው። አንዱን ንገሪኝና በዚያው ሁለት እጠርብልሻለሁ።»

«የቱም ይሆናል» አልሁ።

«የቱም?»

«ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ከሆኑ፣ የቱም ይሆናል።»

አሰቡት። «ለቀኙ ቀኝ ጓደኛ ብሠራለት ይዞራል?»

«ይዞራል።»

«ለግራው ግራ ብሠራለትም?»

«ይዞራል።»

«እንግዲያ የተበላሸው የቱ ነው?»

ስኳሩን መደቡ ላይ ትቼ ወጣሁ። እትየ ጥሩወርቅ ስኳሩን ይዘው ተከተሉኝና እጄ ላይ መልሰው አስጨበጡኝ።

እስከ አባቴ ቤት ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድሁት አላውቅም። ሰውዬው ያበላሹት እንጨት የለም። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አብረው መሆን ብቻ ነው የማይችሉት። ዝም ካልሁ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ሌላ ክንፍ ይጠርቡልኛል፣ በሁለት ሳምንት ይዞራል፣ ክፍሏ የእኔ ትሆናለች። ሲዞር ያየ ሰው ሁሉ ደግሞ «አየህ፤ ያኔ ሙጨ አበላሽቶት ነው እንጂ» ይላል። ከተናገርሁ ሁለቱ ሳምንት የለም፤ ለእኔ የተጨመረው በሳቸው ጥፋት ነውና። ኋላ ከፍዬ እክሳቸዋለሁ አልሁ። ስም በምን ይከፈላል? ሌላም ሌላም አልሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ብሆን ወዲያው እናገር ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ስለ ሌላ ሰው ብሰማ እንደዚያ ነበር የምለው።

ዛሬ የምኖረው ጎንደር ነው፤ በርና መስኮት ለሚሠሩ ሰዎች ንድፍ እነድፋለሁ፣ በዚያችው ያለ ዋጋ በተሰጠች ፕሮግራም። ሥራዬን የማስረክበው ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ነው፤ መጀመሪያ የሚሠራውን ይሥራ፣ እኔ ልየው እላለሁ። ይዘገያል፤ ሰዎች ይሰለቹኛል። እኔ ራሴ እሰለቸዋለሁ። አሁንም ቶሎ ነው አፌ የሚከፈተው፤ ያ አልተለወጠም። የተለወጠው፣ አንድ ሰው «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ሲባል ስሰማ የተባለውን ሰው ፊት አለማየት አልችልም። ከዚያ በላይ ምን እንዳስተማረኝ ብትጠይቁኝ፣ አሁንም በደንብ አልለየሁትም።

ያኔ በማግስቱ፣ እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ሰዉ እንደ ልማዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። አቶ ይርጋ ስለ ማዳበሪያና ስለ መንገድ ሥራ ተናገሩ። «ሌላ ያለው አለ?» ሲሉ ተነሣሁ። ሴት እዚያ እምብዛም አትነሣም።

«ሐሙስ ዕለት ያልሁት ልክ አልነበረም» አልሁ። ካርቶኑን ከፍ አደረግሁ። «ይኼ የቀኝ ነው የግራ?»

«የቀኝ» አለ አንዱ።

«ኧረ የግራ ነው» አለ ሌላው። ሳቅ ተነሣ።

«እኔም አላውቅም» አልሁ። «ቆርጬ የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ። ፊቱን አላመለከትሁም፤ አጠገባቸውም አልተቀመጥሁም። አያ ሙጨ ያበላሹት እንጨት የለም።»

አቶ ይርጋ ጢማቸውን አሻሹ። «ጥፋቱ የራስሽ ነው እያልሽ ነው።»

«አዎ።»

«ሁለቱን ሳምንት የሰጠንሽ በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ሚያዝያ ከነገ ወዲያ ያልቃል፤ ክፍሉም ለወፍጮ ማኅበሩ ይሄዳል።»

«አውቃለሁ አልሁ እኮ።»

የወፍጮ ማኅበሩ ሰዎች ተጠጋግተው መንሾካሾክ ጀመሩ። አያ ሙጨ ከአጥሩ ሥር፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ነበር። ዝቅ አደረጉት።

«አንቺ ልጅ፣ ያኔውኑ አላውቀውም ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«አለማወቄንም አላውቅም ነበር።»

«ይኼም አለ ለካ» አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። «አያ ሙጨ፣ ያን የሞፈር እንጨት ነገ ይዤ ብመጣስ?»

«ነገ አይመቸኝም። ረቡዕ ና።»

ነጠላዬን አጣፋሁ፤ በሰዎቹ መሀል አልፌ የዳባትን ቁልቁለት ያዝሁ።